ከንጉሥ እልፍኝ የወጡ በርጩማዎች

(ምስል፦ ኬንት፣ ደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ። የኖል ቤት ረጅም አዳራሽ፤ በግድግዳው ጥግ የተደረደሩ ወንበሮችና በርጩማዎች።)

ተራኪ፦ እግራቸው እንደ መቀስ የተጠላለፈ፣ ከፈይ የለበሱ፣ ዙሪያቸው በዘርፍና በወርቅ ቅብ ሚስማር ያጌጠ። እነዚህ በርጩማዎች በ17ኛው መቶ ዘመን የስቱዋርት ነገሥታት ዕቃዎች ነበሩ። ወደ ኖል ያመጣቸው የንጉሥ ዊልያም 3ኛ የእልፍኝ ሹም፣ የዶርሴቱ ባላባት ቻርልስ ሳክቪል ነው። በጊዜው ወግ ንጉሥ ወይም ንግሥት ሲሞት የእልፍኙ ዕቃ ለሹሙ ይሰጥ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1694 ከዊልያም ጋር የነገሠችው ንግሥት ሜሪ 2ኛ ስትሞት ሳክቪል ድርሻውን ወሰደ። በ1698 መጀመሪያ የነገሥታቱ የኋይትሆል ቤተ መንግሥት ተቃጠለ፤ ቀድሞ የወጣው ዕቃ ግን ተረፈ።

በዚያ ቤተ መንግሥት መቀመጫ ማዕረግ ነበር። ባለ መደገፊያው ወንበር የንጉሡ ነው። በፊቱ በርጩማ ላይ መቀመጥ ለጥቂት ታላላቆች ብቻ የተፈቀደ ክብር ሲሆን፣ ሌላው ሰው ቆሞ ይውላል።

(ምስል፦ ከጊዜ በኋላ የተሠራ በርጩማ፤ ከሳሎን ምድጃ ፊት።)

ተራኪ፦ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የቀድሞ ነገሥታት ዕቃ እንደገና ተፈለገ። ሄንሪ ሾው በ1836 እንዳሳተመው ያሉ የጥንታዊ ዕቃዎች የሥዕል መጻሕፍት ንድፉን አናጺዎች እጅ አደረሱ። የኖል መቀመጫዎች ተቀዱ፤ ዘውድና ክንፋም ሕፃናት የተቀረጹባቸው የቻርልስ 2ኛ ዘመን በርጩማዎችም እንዲሁ። ያኔ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይቀመጥባቸው ጀመር።

እነዚህን ቅጂዎች መናቅ አይገባም። ጥሩ ባለሙያ እንጨቱን ቀርጾ፣ ልባሱን በእጁ ወጥሮ የሠራቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ ዛሬ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ወንጀሉ ቅጂውን የ17ኛው መቶ ዘመን ነው ብሎ መሸጥ ነው።

(ምስል፦ የተገለበጠ በርጩማ፤ የሥሩ እንጨት በቅርበት።)

ተራኪ፦ ስለዚህ በርጩማው ይገልበጥ። ከሥሩ ቅስት ቅስት የሆነ ጭረት ካለ እንጨቱን የቆረጠው ክብ መጋዝ ነው፤ ይህ መሣሪያ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ጫፉ የሾለ የፋብሪካ ብሎንም የመጣው ከዚያው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። ብሎን ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ በጥገና ጊዜ ገብቶ ሊሆን ይችላልና። ጨርቁን ደግሞ አትመኑት፤ ያረጀ ከፈይ አዲስ እንጨት ላይ ይለበጣል።

የኖል ቤት ከ1946 ጀምሮ በቅርስ ጠባቂው ድርጅት በናሽናል ትረስት እጅ ነው። እንግሊዝ ያላችሁ ተመልካቾቻችን፣ ጥንታዊ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ዋናዎቹን ሄዳችሁ እዩ።