እንጦጦና ትንሿ አውሮፕላን

ጉለሌ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ለሚያይ ሰው እንጦጦ የእንጨት ተሸካሚዎች አቀበት፣ የሯጮች ማሠልጠኛ፣ የማርያም ደጅ ነው። ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ለሚያበርር ደግሞ የሒሳብ ጥያቄ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ የእንጦጦ ጀርባ 3,200 ሜትር ይደርሳል። በመካከላቸው ያለው የአየር ርቀት ከ12 ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም። ሴስና 172 በዚህ ከፍታ በደቂቃ ብትወጣ 110 ሜትር ያህል ነው፤ ተራራው ዘንድ ለመድረስ አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅባትም። አምስት ጊዜ 110፣ 550። የሚፈለገው ግን ወደ 900 ነው፣ የጥንቃቄው ትርፍ ሳይታሰብ። ስለዚህ ሽሮ ሜዳን አቋርጣ በቀጥታ አትሻገርም፤ አስቀድማ እየዞረች ከፍታ ታጠራቅማለች።

ሴስና 172 በብዛት በመመረት የሚወዳደራት አውሮፕላን የለም፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከ44,000 በላይ ተሠርታለች። አራት መቀመጫ፣ ከላይ የተገጠመ ክንፍ፣ አንድ ፕሮፔለር፤ ከነጭነቷ 1,100 ኪሎ ግራም ገደማ። በውጭው ዓለም የበረራ ክበባት ቅዳሜ ጠዋት ተሰባስበው ሌላ ከተማ ምሳ በልተው የሚመለሱት በእርሷና በመሰሎቿ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ልማድ አልተስፋፋም። ትንንሾቹ አውሮፕላኖች በአብዛኛው የተማሪ መለማመጃ ወይም የኪራይ በረራ ናቸው። የገንዘቡ ነገር ግልጽ ነው፤ እኔ ግን ከገንዘቡ እኩል አየሩን እከስሳለሁ።

አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ነው። ተራ የቤንዚን ሞተር የሚስበው አየር ሲሳሳ ጉልበቱም ይቀንሳል፤ ቦሌ ላይ የሚቀረው ከባሕር ዳርቻ ጉልበቱ ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ፕሮፔለሩም ክንፉም የሚይዙት አየር ያንሳቸዋል፤ መንደርደሪያው ይረዝማል፣ አወጣጡ ይዘገያል። ፀሐይ በበረታች ቁጥር አየሩ የባሰ ይሳሳል። በወረቀት አራት ሰው የምትጭነው ሴስና እዚህ ነዳጇን ሞልታ ሁለት ሰው ብትይዝ ይበቃታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሠልጠኛ የሚጠቀምባት ዳይመንድ ዲኤ 40 ኤንጂ ይህን ችግር ያቃለለችው አየር አምቆ በሚያስገባ ቱርቦ ነው፤ የምታቃጥለውም የጄት ነዳጅ ነው።

የከተማችን የበረራ ታሪክ የተጀመረውም በትንንሾች ነው። የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ 25፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አረፈች። በ1923 ዓ.ም. መግቢያ፣ የንግሥ በዓሉ ሲቃረብ፣ «የሃርለም ጥቁር ንስር» የሚባለው አብራሪ ሁበርት ጁልያን የንጉሡን ጂፕሲ ሞዝ አስነሥቶ ከባሕር ዛፍ ጋር አላተማት። ጁልያን ሆን ተብሎ ተበላሽታብኝ ነው ብሏል። መቶ ፈረስ ጉልበት ያህል ሞተር በዚህ ከፍታ ምን ያህል እንደሚቀረው ለሚያውቅ ግን ሌላ ተጠርጣሪም አለ። በ1928 ዓ.ም. የበረረችው በጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበርና በኢትዮጵያውያን የተሠራችው «ፀሐይ»ም ከዚያ እምብዛም ያልበለጠ ሞተር ነበራት። ጣሊያን ወስዷት ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመለሰች።

አንድ ቡድን በአራት በአምስት ሴስና ባሕር ዳር ደርሶ ይመለስ ቢባል እንዴት ይሄዳል? ጊዜው በጋ፣ ሰዓቱ ማለዳ ነው፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ የሚቆለለውን ደመና ትንሽ አውሮፕላን አትደፍረውም። እንደ አየር ኃይል ትርኢት ክንፍ ለክንፍ አይበሩም። በደቂቃዎች ልዩነት ይነሣሉ፣ በአንድ የሬዲዮ ሞገድ ይነጋገራሉ፣ እያንዳንዱ አብራሪ ለራሱ ውሳኔ ኃላፊ ነው። ተራራውን ፊት ለፊት አይጋፈጡትም፤ በጎን ሰያፍ ይጠጉታል። ነፋስ ጀርባውን ተሻግሮ ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ ሞተሩ ሙሉ ጉልበት እየሰጠም አውሮፕላኗ ልትሰምጥ ትችላለች፤ በሰያፍ የመጣ አብራሪ ትንሽ ታጥፎ ያመልጣል። ከዚያ ሱሉልታ፣ ፍቼ፣ ከሥር በድንገት የሚከፈተው የዓባይ ሸለቆ፣ ደብረ ማርቆስ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በርረው ለጣና ዓሣ ይደርሳሉ።

የወረቀቱ ጉዳይ ከዚህ አይቀልም። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ከቀርጤስ ደሴት ተነሥተው ወደ ኬፕታውን የሚጓዙ ድርብ ክንፍ ያላቸው ጥንታዊ አውሮፕላኖች ከሱዳን ተሻግረው ጋምቤላ ሲያርፉ አብራሪዎቹ ሁለት ቀን ያህል ታግተዋል። አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች። ባለሥልጣናቱ ያለ ፈቃድ ገብተዋል አሉ፤ በኋላ ተለቀው ወደ ኬንያ አመሩ። የተጓዦቹ ብስጭት ቢገባኝም በእንዲህ ያለ ወቅት ድንበር ላይ ለሚቆም ሰው ድንገት የሚያርፍ የአውሮፕላን መንጋ ሽርሽር እንደማይመስለው መገመት አያዳግትም። የቡድን በረራ አስተባባሪ ዋና ሥራው ከአየር ጠባዩ እኩል ይሄ ነው፦ የእያንዳንዷን አውሮፕላን ፈቃድ፣ የበረራ ዕቅድና የሚያርፉበት ቦታ ነዳጅ ቀድሞ ማረጋገጥ። ነዳጁ ቀላል አይደለም፤ የሴስና ሞተር የሚጠጣው ልዩ የአቪዬሽን ቤንዚን ጄት ያለበት ሁሉ አይገኝም።

የመልስ ጉዞው ይቀላል። ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል አውሮፕላኗ ስትነሣ ጉልበቷ ይሻላል። እንጦጦም ከሰሜን ለሚመጣ ያን ያህል አያስፈራም፤ የሱሉልታ ሜዳ ራሱ ከፍ ያለ ነው፣ አውሮፕላኗም ከፍታዋን እንደያዘች ትደርሳለች። ችግሩ ተራራው ከታለፈ በኋላ ነው፤ ከእንጦጦ እስከ ቦሌ በአጭር ርቀት ብዙ መውረድ አለ። ጉልበቱ በአንዴ ከተቀነሰ የጋለው ሞተር በድንገት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አብራሪው መውረድ የሚጀምረው ቀደም ብሎ፣ ጉልበቱንም በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሰ ነው።