ከኮባው ሥር ያለ ብረትና ድኝ

በዱመርሶ፣ እንደ ሌላው የጌዴኦ ቀበሌ ሁሉ፣ ቡናና እንሰት ጎን ለጎን ይበቅላሉ። ቡናው ለገበያ፣ እንሰቱ ለጓዳ ነው። የተፋቀው እንሰት ተብላልቶ ቆጮ እንዲሆን ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀበራል፤ ከላይ ተሸፍኖም ድንጋይ ይጫንበታል። አየር ከገባበት ይሻግታል።

ብርሃኑ ጋሼ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የቆጮን መብላላት ከሚጀምሩት ባክቴሪያዎች አንዱ ስትሬፕቶኮከስ ፌካሊስ (የዛሬ ስሙ ኢንተሮኮከስ ፌካሊስ) እንደሆነ አሳይተዋል። ይህ ባክቴሪያ አየር ሲያጣ የሚጠቀምበት አንድ ኢንዛይም አለው፤ ፓይሩቬት የተባለውን የስኳር ስባሪ ለሁለት ይከፍላል። መሣሪያው ራዲካል ነው፤ ማለትም ሃይድሮጂኑን የተነጠቀና ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን የቀረው ግላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ።

ሃይድሮጂኑን የሚነጥቀው ሌላ፣ አነስ ያለ ኢንዛይም ነው። በርሜል መሰል በሆነው ፕሮቲን ውስጥ አራት የብረትና አራት የድኝ አተሞች ማዕዘኖቹን እየተፈራረቁ የያዙበት ኩብ ተቀምጧል። ሦስቱን ብረቶች ሲስቲን የተባሉ ሦስት አሚኖ አሲዶች እንደ ጉልቻ ይሸከሟቸዋል። አራተኛው ብረት ያለ ሲስቲን የቀረው በቸልታ አይደለም፤ ሳም የሚባለው ሞለኪውል የሚያርፈው እዚያ ነው። ኩቡ ኤሌክትሮን ሲያቀብለው ሳም ይሰበራል፤ አንዱ ስባሪ ራዲካል ሆኖ የግላይሲኑን ሃይድሮጂን ይወስዳል።

ኦክስጅን የዚህ ሁሉ ጠላት ነው። ኩቡን ያፈርሰዋል፤ ራዲካሉን የተሸከመውን ፕሮቲንም እዚያው ግላይሲኑ ላይ ይቆርጠዋል። ይሁንና ቆጮውን የሚያኮመጥጠው ላክቲክ አሲድ የሚመጣው ራዲካል በማያስፈልገው ሌላ መንገድ ነው፤ ሙያውን ሁሉ ለኩቡ መስጠት ግነት ይሆናል። ባክቴሪያው ከኩቡ የሚያተርፈው ከዚያው ስኳር ተጨማሪ ኃይል ነው።

በ2001 እ.ኤ.አ. ሃይዲ ሶፊያና ባልደረቦቿ የሲስቲኖቹን አቀማመጥ ተከትለው ሲፈልጉ ሳምን በዚህ ዓይነት ኩብ የሚሰብሩ፣ ከ600 የሚበልጡ የአንድ ቤተሰብ ፕሮቲኖችን አገኙ። ሰውም አለው። በሴሎቻችን ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ሊፖይክ አሲድን የሚሠራው ኢንዛይም ሁለት ኩቦችን ይይዛል፤ አንዱ ሳምን ይሰብራል፣ ሌላው እየፈረሰ የራሱን ድኝ ይሰጣል። ያለ ሊፖይክ አሲድ ምግብ ወደ ኃይል በወጉ አይለወጥም፤ ይህ ኢንዛይም ተበላሽቶባቸው የሚወለዱ ሕፃናትም በጽኑ ይታመማሉ።