ፍሪዘር የገባው ቼሪ ለምን አይላሽቅም?

እቤት ፍሪዘር ውስጥ የከረመ ፍራፍሬ ሲቀልጥ ይላሽቃል፤ ሳህኑም ላይ ውሃ ያቁራል። ለኬክ፣ ለእርጎና ለአይስክሬም ሠሪዎች በካርቶን የሚሸጠው ጣፋጭ ቼሪ ግን ከቀለጠ በኋላም ቅርጹን ብዙም አይለቅም። ምስጢሩ ፍጥነት ነው።

ጥድፊያው የሚጀምረው ከእርሻው ነው። ሙዝ ከተቆረጠ በኋላ ይበስላል፤ ቼሪ ግን አይበስልም። ስለዚህ ዛፉ ላይ ጣፍጦ ማለቅ አለበት። በአሜሪካ ቼሪ በብዛት ከሚመረትባቸው ግዛቶች አንዷ በሆነችው በዋሽንግተን፣ ቢንግ የሚባለው ጥቁር ቀይ ዝርያ በበጋቸው ሙቀት ይለቀማል። ሙቀቱ እንዳያበላሸው ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ይበርዳል። ከዚያ እንጨቱ ተነቅሎ ይታጠባል፤ እያንዳንዱ ፍሬ በማሽኑ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይቀመጥና የብረት ዘንግ ዘሩን በሌላኛው ወገን ገፍቶ ያስወጣዋል። አልፎ አልፎ ዘር ወይም ስባሪው ሊቀር ስለሚችል ካሜራም የሰው ዓይንም ይፈትሸዋል።

አሁን ወደ ቅዝቃዜው። ፍሬው ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ውሃ ተሰብስቦ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራል። ቅንጣቱ የሕዋሶቹን ግድግዳ ይቀድና በረዶው ሲቀልጥ ጭማቂው ይፈስሳል። ፋብሪካው ግን ቼሪውን ቀዳዳ ባለው ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ አፍስሶ ከሥሩ 30 ዲግሪ ከዜሮ በታችና ከዚያም የባሰ ቀዝቃዛ አየር ይነፋበታል። ፍሬው በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚቀዘቅዝ ቅንጣቱ ደቃቅ ይሆናል፤ ጉዳቱም ይቀንሳል። ፍሬዎቹ ለየብቻ ስለሚቀዘቅዙ አይጣበቁም፤ ጋጋሪውም የሚፈልገውን ያህል ብቻ መዝኖ ይወስዳል። ማከማቻው 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው።

ከዚህ በኋላ ገዢው ሁሉ የየራሱ ጣጣ አለበት። አይስክሬም ውስጥ እንዲሁ የገባ ቼሪ ጥርስ የሚሰብር በረዶ ይሆናል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ስኳር ሽሮፕ ውስጥ ይነከራል። ስኳር የበዛበት ውሃ በቀላሉ አይጠጥርምና። እርጎ ሠሪው ጭማቂው እርጎውን እንዳያቀጥንበት ፍሬውን በስኳርና ፔክቲን በሚባል ማወፈሪያ ያበስለዋል። ኬክ ጋጋሪው ደግሞ የሚፈራው ቀለሙን ነው። ቼሪን የሚያቀላው አንቶሳያኒን አሲድ ሲያገኝ ይቀላል፤ ቤኪንግ ሶዳ ሲበዛበት ግን ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሊጡ አንዳንዴ ግራጫ የሚመስለው።

እርስዎም በቀዘቀዘ ቼሪ ኬክ ሲጋግሩ አያቅልጡት፤ ዱቄት ነስነስ አድርገውበት መጨረሻ ላይ ሊጡ ውስጥ ይጨምሩትና ቶሎ ወደ ምድጃ ያስገቡት። አንዴ የቀለጠውን መልሰው ፍሪዘር ከከተቱት ደግሞ ፋብሪካው የደከመበት ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ከረጢቱ «ዘር የለውም» ቢልም ለልጆች ከማቅረብዎ በፊት በጣትዎ ጫን ጫን አድርገው ይፈትሹት።