ወደ ሙሻ ደሴት ከመሳፈራችን በፊት

የትምህርት ዕረፍት ሲቃረብ በብዙዎቻችን ቤት «ሙሻ እንሂድ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ልጆች ገና ሳይፈቀድልን እንደሰታለን፤ እናቶቻችን ግን ዝም ይላሉ። አብዛኞቹ ወላጆቻችን ከደጋ የመጡ ናቸው፤ የሚያውቁት ወንዝና ሐይቅ ነው። በዚያ ላይ ይህ ባሕር ለወገኖቻችን መራራ ትዝታ አለው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ከኦቦክ በስተሰሜን፣ ጎዶሪያ አጠገብ፣ ወደ የመን የሚሻገሩ ስደተኞችን የጫኑ ጀልባዎች ተገልብጠው ብዙዎች አልቀዋል። እንግዲህ የእናቶቻችን ዝምታ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ባሕሩ በየቀኑ በደጃችን ነውና፣ ከመሸሽ ይልቅ ጠባዩን ማወቅ ይሻለናል ብለን ይህን ጽፈናል።

ሙሻ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ ከጅቡቲ ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ዝቅ ያለ ደሴት ነው። ጎረቤቱ ማስካሊ ይባላል። ከኤስካል ወደብ የሚነሣ የሞተር ጀልባ እንደ ፍጥነቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ለጉዞው የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው፤ በሐምሌ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

ደሴቱ የኮራል ሥራ ነው። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ ሕይወት አለው። ጥቃቅን እንስሳት ከባሕሩ ውሃ ኖራ እየሰበሰቡ ቤት ይሠራሉ፤ እነርሱ ሲሞቱ ቤቱ ይቀራል፣ በላዩም ሌሎች ይሠራሉ። ብዙው የኮራል ዓይነት የሚያድገው በጣም በዝግታ ስለሆነ፣ በአንድ እርግጫ የሚሰበረው የብዙ ዓመት ድካም ነው። በውሃ ውስጥ የሚለበስ ጫማ የእኛን እግር ከስለትና ከእሾህ ያድናል፤ ኮራሉን ግን ጫማም ይሰብረዋልና አሸዋውን ብቻ እንርገጥ።

ጣና ላይ ያለ ደሴት ዙሪያው የሚጠጣ ውሃ ነው። የሙሻ ዙሪያ ግን በአንድ ሊትር ከ35 ግራም በላይ ጨው አለበት። ሰውነታችን ያን ጨው ለማስወጣት ከጠጣነው የበለጠ ውሃ ስለሚያስፈልገው፣ የባሕር ውሃ ጥምን ያብሳል እንጂ አይቆርጥም። ስለዚህ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ፣ ለጥላም ድንኳን ወይም ጃንጥላ እንያዝ። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዘን ፀሐይ ሲያቃጥለን አይታወቀንም፤ የውሃውና የነጩ አሸዋ ነጸብራቅም ይጨምርበታል። የያዝነውን ፌስታልና ፕላስቲክ ሁሉ ይዘን እንመለስ።

ከሁሉ በላይ ግን የባሕሩን መሙላትና መጉደል እንወቅ። በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት ባሕሩ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይበዛል። ሲጎድል ልጅ በእግሩ ርቆ ይሄዳል፤ ሲመለስ መንገዱ ጥልቅ ውሃ ሆኖ ይጠብቀዋል። ጀልባውም ውሃው ጎድሎ ከሆነ ወደ ዳር መጠጋት አይችልም። ስለዚህ የመመለሻውን ሰዓት የሚወስነው ባለጀልባው ነው፤ «ትንሽ ቆይ» ብለን አንለምነው። በልካችን የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ አንሳፈር። ልጆች ውሃ ውስጥ ሳሉም አንድ ትልቅ ሰው ስልኩን አስቀምጦ እነርሱን ብቻ ይይ፤ የሚሰጥም ልጅ ብዙ ጊዜ አይጮህም።

ባለፈው ዕረፍት አብራን የሄደች አንዲት እናት እስከ ቀትር ከጥላው አልተነሣችም። ኋላ ነጠላዋን አስቀምጣ፣ የልጇን እጅ ይዛ፣ እስከ ጉልበቷ ገባች። «ጨው ጨው ይላል» አለችና ሳቀች። በማግስቱ ልጇን ዋና ልታስመዘግብ ቦታ ስታጠያይቅ ዋለች። እኛም ለዘንድሮው ዕረፍት የምንመኘው ይህንኑ ነው፤ ከደሴቱ በፊት ዋና እንማር።

መልካም ዕረፍት!