ጨው ሲጎድል የሚነቁ ህዋሳት

ከሞጣ ወደ ዓባይ ወንዝ፣ ወደ ሰባራ ድልድይ መውረድ ቀላል ነው፤ ላቡ የሚመጣው ሲመለሱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ታች ያለው የዓባይ ሸለቆ ደግሞ ቆላ ነው። ያን አቀበት አህያ እየነዳ የወጣ ገበሬ ጥላ ሥር አረፍ ሲል ጀርባውን ብታዩት፣ ላቡ ደርቆ ሸሚዙ ላይ ነጭ የጨው መስመር ጥሎ ታገኙታላችሁ። ከሰውነቱ ብዙ ውኃና ጨው ወጥቷል፤ በደም ሥሩ የሚዞረው ፈሳሽም ቀንሷል። ቢሆንም አልወደቀም። ጭነቱን አስተካክሎ፣ አህያውን ኧጭ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። እንዳይወድቅ ካደረጉት ነገሮች መካከል አንዱ ኩላሊቱ ውስጥ ያሉ ጥቂት ህዋሳት ናቸው።

በግ ሲታረድ ኩላሊቱን ለሁለት ሰንጥቆ ያየ ሰው ቦታቸውን ለመገመት አይቸገርም። ዳር ዳሩን ጠቆር ያለ ቅርፊት መሳይ ክፍል ይዞራል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ፈካ ይላል። ጠቆር ባለው ክፍል ላይ ትኩር ብሎ ለሚመለከት ዓይን መርፌ የነካቸው የሚመስሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እያንዳንዷ ነጠብጣብ እንደ ፈትል ድውር የተጠቀለለ የቀጭን ደም ሥር ቋጠሮ ናት፤ ሐኪሞች ግሎሜሩለስ ይሏታል። በሰው አንድ ኩላሊት ውስጥ ሚሊዮን የሚያህሉ አሉ። ደም የሚጣራው እዚህ ነው። ልብ በየደቂቃው ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛው ወደ ሁለቱ ኩላሊቶች ይሄዳል፤ ከዚያ በቀን 180 ሊትር ያህል ይጣራል፤ በሽንት የሚወጣው ግን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው። የቀረው ሁሉ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል።

የምንተዋወቃቸው ህዋሳት ያሉት ደም ወደ ቋጠሮው በሚያስገባው ቀጭን ሥር መጨረሻ፣ ልክ ከበሩ ላይ ነው። ሬኒን የሚባለውን ኢንዛይም ስለሚያመርቱ የሬኒን ህዋሳት እንላቸዋለን። ከኩላሊት ህዋሳት ሁሉ ከ10,000 አንድ ያህሉ ቢሆኑ ነው። ሥራቸው ሦስት ነገር ማዳመጥ ነው። አንደኛ፣ የተቀመጡበት ሥር በደም ሲወጠርና ሲላላ ራሳቸው ይሰማቸዋል። ሁለተኛ፣ አጠገባቸው በሚያልፈው የሽንት ቱቦ ግድግዳ ላይ ጨውን የሚቀምሱ ሌሎች ህዋሳት አሉ፤ ጨው ማነሱን እነሱ ይነግሯቸዋል። ሦስተኛ፣ ሰው ሲደነግጥ ወይም ደም ሲፈሰው የሚነቃው የነርቭ ሥርዓት እስከ እነሱ ድረስ ይደርሳል። አንዱ እንኳ ጉድለት ካወራ ሬኒን ይለቀቃል። ተመራማሪዎችን ብዙ ዘመን ያስገረመ አንድ ጠባይም አላቸው፦ በአብዛኞቹ ሌሎች አመንጪ ህዋሳት ውስጥ ካልሲየም ሲበዛ ምርታቸው ይለቀቃል፤ በእነዚህ ግን ካልሲየም ሲበዛ ይታገዳል።

ሬኒን ብቻውን የደም ግፊት አይጨምርም። ጉበት ወደ ደም የሚልከውን አንድ ፕሮቲን ይቆርጠዋል፤ ቁራጩ በተለይ ሳንባ ላይ ሲደርስ በሌላ ኢንዛይም እንደገና ይቆረጥና አንጂዮቴንሲን ሁለት የሚባለው ይሆናል። ይህኛው ነው ጉልበተኛው። ደም ሥሮችን ያጠባል፣ ኩላሊት ላይ የተደፋችውን እጢ አልዶስቴሮን እንድታመነጭና ጨው እንዳይባክን ያደርጋል፣ ውኃም ያስጠማል። ገበሬው አቀበቱን ጨርሶ መጀመሪያ የጠየቀው ውኃ ቢሆን ከዚህም የተነሳ ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ የሚውል ጿሚ ሰውነትም ይህንኑ መንገድ ይጠቀማል።

ይህ ሁሉ የታወቀው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ታውቆ ተረስቷል። እ.ኤ.አ. በ1898 ስቶክሆልም የሚሠራው ፊንላንዳዊ ሮበርት ቲገርስቴትና ተማሪው ፔር በርግማን የጥንቸል ኩላሊት ፈጭተው ጭማቂውን ሌላ ጥንቸል ደም ሥር ውስጥ ሲከቱት ግፊቷ ከፍ አለ። ንጥረ ነገሩን ሬኒን አሉት። ብዙም ሳይቆይ ቲገርስቴት ወደ ሄልሲንኪ ሄደ፤ ነገሩን መልሶ አላነሳውም፤ ሌላውም ሰው ችላ አለው። የነቃው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው፤ አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪ ጎልድብላት የውሾችን የኩላሊት ደም ሥር በትንሽ መቆንጠጫ ሲያጠብ ግፊታቸው ጨምሮ እዚያው ቀረ። ኩላሊት ደም የጎደለ ስለመሰለው ነው እንጂ የውሻው ደም አልጎደለም። ከአምስትና ስድስት ዓመት በኋላ ቦነስ አይረስና ኢንዲያናፖሊስ ያሉ ሁለት ቡድኖች አንጂዮቴንሲንን በየፊናቸው አገኙት፤ ስሙ ላይ እስኪስማሙ ግን ሃያ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ትኩረቱ ወደ ህዋሳቱ ወደ ራሳቸው ዞሯል። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ማሪያ ሉዊሳ ሴኬራ ሎፔዝና አሪኤል ጎሜዝ የሚመሩት ቡድን ለዓመታት የሠራው ሥራ ከሁሉ ይልቅ እኔን ይስበኛል። ፅንስ ላይ የሬኒን ህዋሳት በኩላሊት ደም ሥሮች ሁሉ ተበትነው ይገኛሉ፤ ሰውነት ሲጎለምስ ጥቂቶቹ ብቻ በሩ ላይ ይቀራሉ፤ ሌሎቹ የደም ሥር ጡንቻ ሆነው ይኖራሉ። ጨው ወይም ደም ክፉኛ ሲጎድል ግን እነዚያ ጡንቻ የሆኑት የድሮ ሥራቸውን ያስታውሱና እንደገና ሬኒን ማምረት ይጀምራሉ። ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጥናት ደግሞ ህዋሳቱ የግፊትን መጥበቅና መላላት የሚሰሙት እስከ ህዋሱ እምብርት ድረስ በሚደርስ ስልት መሆኑን አሳይቷል፤ ግፊት ሲጨምር መወጠሩ ሬኒን የሚያዘውን ዘረ መል ያዘጋዋል። ነርቭ የግድ አያስፈልጋቸውም ማለት ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ የለብንም፦ በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲደረግ ኩላሊቱ ከለጋሹ የወጣው ነርቮቹ ተቆርጠው ነው፤ እንዲህ የተተከለ ኩላሊት ግፊትና ጨው ማዳመጡን አይተውም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሥርዓት የተሠራው ለጉድለት ነው። ሞጣ ላለችበት ለጎጃም ደግሞ የጨው ጉድለት ተረት አልነበረም። አሞሌ ጨው ከአፋር ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ እየተሻገረ እዚህ ሲደርስ ገንዘብ ሆኖ ይገበይ ነበር፤ ገንዘብን ደግሞ ማንም እፍኝ እፍኝ ወጥ ውስጥ አይጨምርም። ዛሬ ጨው ከሁሉ የረከሰ ሸቀጥ ነው። ሽሮውም፣ በርበሬውም፣ ወጡም፣ አንዳንድ ቤት ቡናውም ጨው ይገባበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉ ሰዎች ከመቶ 16 የሚሆኑት ደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ በአማካይ አንድ ሰው በቀን የሚወስደው ጨውም ከ8 ግራም በላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ ታዲያ ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ የሬኒን ህዋሳቱ ከመጠን በላይ እየሠሩ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እንዲያ አይደለም። ጨው ሲበዛ እነዚህ ህዋሳት ይተኛሉ። በአፍሪካውያንና ከአፍሪካ በመነጩ ሰዎች ዘንድ ደግሞ ሬኒን ዝቅ ብሎ ግፊት ከፍ የሚልበት ሁኔታ በብዛት ታይቷል። በካሜሩን፣ ኬንያ፣ ሞዛምቢክ፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና ዩጋንዳ በሚኖሩ 728 ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አምሎዲፒን ያለበት ጥምር መድኃኒት ከሌለበት ይልቅ ግፊትን እንደሚያወርድ አረጋግጧል። አምሎዲፒን የደም ሥርን ጡንቻ በቀጥታ ያላላል፤ የሬኒንን መንቃትና መተኛት አይጠብቅም። ኢናላፕሪል የሚባለው የግፊት መድኃኒት ግን የሚሠራው በሬኒን መንገድ ላይ ቆሞ ነው፤ መንገዱ ላይ ሰው ከሌለ መቆሙ ብዙም አይጠቅም። የሚያሸና መድኃኒት ሲጨመርበት ግን ጨውና ውኃ ይቀንስና ህዋሳቱ ይነቃሉ፤ ያን ጊዜ ኢናላፕሪል ሥራ ያገኛል። ሁለቱን አብረው የሚያዙት በከንቱ አይደለም። ግፊት ያወርዳል ተብሎ የሚጠጣው ሽፈራውም በአይጦች ላይ ተሞክሮ ሽንት እንደሚያበዛ ታይቷል፤ ሽንት ማብዛት ብቻውን ህዋሳቱን መቀስቀሱ እንደማይቀር ግን ማስታወስ ደግ ነው።

በምሥራቅ ጎጃም ካሉ ጤና ጣቢያዎች በአንዱ አንዲት እናት የግፊት መለኪያው ክንዳቸው ላይ ተጠምጥሞ ሲተነፍስ አይቻለሁ። ነርሷ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫውን እንዳደረገች መለኪያውን አየችና ፊቷን ኮስተር አደረገች።

«እማማ፣ ኪኒኑን እየወሰዱ ነው?»

«ኧረ ልጄ፣ ሲሻለኝ ጊዜ ተውኩት። ራሴን ሲያዞረኝ ግን የጎረቤቴን ሁለት ቀን ዋጥኩ።»

«የትኛውን?»

«ነጯን ናታ!»

ነርሷ ሳቀች፤ ከመደርደሪያው ላይ አራት ዓይነት የግፊት ኪኒን አውርዳ መዳፏ ላይ ዘረጋችላቸው። አራቱም ነጭ ናቸው።

የጎረቤትየዋ ኪኒን ኢናላፕሪል ከሆነች ታሪኳ ከእባብ ይጀምራል። በብራዚል ሙዝ እርሻ ውስጥ ጃራራካ የምትባል እባብ የነደፈችው ሰው ግፊቱ ወርዶ ይወድቅ ነበር። ሰርጂዮ ፌሬራ የተባለ ብራዚላዊ ሐኪም መርዙን መረመረ፤ ከእርሱ የተነሱ ተመራማሪዎችም አንጂዮቴንሲን ሁለትን የሚሠራውን ኢንዛይም የሚዘጋ ካፕቶፕሪል የሚባል መድኃኒት ሠሩ፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1981 ፈቀደችው። ኢናላፕሪል ታናሹ ነው። ይኸው ኢንዛይም ብራዲካይኒን የሚባል ሌላ ነገርም ስለሚያፈርስ፣ ሲዘጋ ያ ይከማችና አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስለዋል። ብዙ ሰው ብርድ መታኝ ብሎ ዝንጅብልና ማር ሲያፈላ ይከርማል፤ ለሐኪም ቢነግር ኖሮ ከመንገዱ ሌላ ቦታ ላይ በሚቆመው በሎሳርታን ይቀይሩለት ነበር። ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው በተቅማጥና በትውከት ውኃው ሲያልቅም ቶሎ መታየት አለበት፤ ኩላሊቱ ራሱን የሚያድንበት መንገድ ተዘግቶበታልና።

ከሁሉ የባሰው ግን ነፍሰ ጡር የምትወስደው ነው። የፅንሱ ኩላሊት ቅርጹን ይዞ የሚያድገው ሬኒንና አንጂዮቴንሲን ሳይቋረጡ ሲሠሩ ነው፤ ኢናላፕሪልም ሎሳርታንም ያን ሥራ ይዘጉታል። ስለዚህ ልጅ የምታስብ ሴት የትኛውን እንደምትወስድ ሣጥኑን ይዛ ለሐኪሟ ማሳየት አለባት፤ ሜቲልዶፓና ኒፌዲፒን የሚባሉት በእርግዝና ጊዜም የሚታዘዙ ስለሆኑ የግፊት ሕክምናዋን ሳታቋርጥ መድኃኒቱን መቀየር ይቻላል።