ለምነት በጎደለው መሬት ላይ የካርፕ ዓሣን በፍግ ማርባት

አሸዋማ ወይም አሲዳማ በሆነ መሬት ላይ የተቆፈረ የዓሣ ኩሬ ውኃው ጠርቶ ይታያል። ይህ ጥራት ለዓይን ቢያምርም በኩሬው ውስጥ ለዓሣ የሚሆን ምግብ አለመኖሩን ያመለክታል። ካርፕ በእንዲህ ዓይነት ኩሬ ውስጥ በሕይወት ቢቆይም ዕድገቱ እጅግ የዘገየ ይሆናል።

ጉድለቱን በከብት ፍግ መሙላት ይቻላል። ሆኖም ካርፕ በዋናነት የሚመገበው ፍጉን ራሱን አይደለም። በፍጉ ውስጥ የሚገኙት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ በዓይን የማይታዩ አረንጓዴ ዕፅዋትን ያበቅላሉ፤ እነዚህም ለደቃቅ እንስሳት ምግብ ይሆናሉ። በወለሉ ላይ ደግሞ ትሎችና የነፍሳት እጮች ይራባሉ፤ ካርፕ ጭቃውን በአፉ እየማሰ ይለቅማቸዋል። አዲስ ኩሬ ይህን ለም ጭቃ የሚያገኘው ቀስ በቀስ በመሆኑ በመጀመሪያው ዓመት ምርት ብቻ ተስፋ መቁረጥ ተገቢ አይደለም።

አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ግን ፎስፎረሱ በአፈሩ ተይዞ ስለሚቀር ፍግ ብቻውን በቂ አይሆንም። ኩሬው ውኃ ከመያዙ በፊት በ100 ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም የእርሻ ኖራ ይበተናል፤ ፍጉ የሚጨመረው ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ነው። የአሲዳማነቱ ደረጃ አስቀድሞ ቢለካ ኖራው አይባክንም።

የፍጉ መጠን ለ100 ካሬ ሜትር በቀን ከ1 ኪሎ ግራም ደረቅ ክብደት መብለጥ የለበትም። እርጥብ እበት አብዛኛው ውኃ በመሆኑ ይህ መጠን ወደ 5 ኪሎ ግራም ይጠጋል። በግማሹ ጀምሮ ውኃውን እያዩ መጨመር ይመረጣል። ለመለካት ክንድን እስከ ክርን ወደ ውኃው ማስገባት ይበቃል፤ ውኃው ክርን ላይ ሲደርስ መዳፍ ከዕይታ ከተሰወረ መጠኑ ተስማሚ ነው። ቀደም ብሎ ከተሰወረ ፍጉ በዝቷል። የበዛ ፍግ ሲበሰብስ በውኃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሦች ጎሕ ሲቀድ ከውኃው በላይ አፋቸውን ከፍተው ከታዩ ፍግ መጨመር ወዲያውኑ ይቆማል፣ ንጹሕ ውኃም ይለቀቃል። ተከታታይ ደመናማ ቀናት ሲኖሩም እንዲሁ ጥንቃቄ ያሻል።

በደጋው አካባቢ ካርፕ ከቆሮሶ በተሻለ ቅዝቃዜን ይቋቋማል፤ ፈጣን ዕድገት የሚያሳየው ግን የውኃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሆን ነው። ሌላው የደጋው ችግር እበት ለኩበትም ለማሳም የሚፈለግ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሰፊ ኩሬ ቆፍሮ ከማስራብ ባለው እበት ልክ ትንሽ ኩሬ መያዝ ይሻላል። ኩሬው ሲደርቅ የሚወጣው ጭቃ ለጓሮ አትክልት ስለሚውል እበቱ ጨርሶ አይጠፋም።

ካርፕ የአገሪቱ ነባር ዓሣ ባለመሆኑና ጭቃ እየቆፈረ ውኃን ስለሚያደፈርስ ወደ ወንዝና ሐይቅ እንዳያመልጥ የኩሬው መውጫ በወንፊት ሽቦ መዘጋት ይኖርበታል። ጫጩት የሚፈልግ አርሶ አደር ኩሬውን ከመቆፈሩ በፊት በቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ጥያቄውን ማቅረብ ይኖርበታል።