የወባ ትንኝ ምራቅ፦ ዘረ መሎቹና የንክሻዋ ጊዜ

ከደጋዋ እንጅባራ ወደ መተከል የሚወስደውን መንገድ ይዘው ጫግኒ ሲወርዱ ብርዱ ይቀርና ወባ የሚበረታበት አገር ይጀምራል። በኢትዮጵያ ወባ በብዛት የሚሰራጨው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ምድር ነው፤ ዋናው ወቅቱም ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ድረስ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ታማሚዎችና 1,157 ሞት ተመዝግበዋል። የመከላከሉ ሥራ በአጎበር፣ በመድኃኒት ርጭትና ያቆረ ውሃን በማፋሰስ ላይ ያረፈ ነው። በሽታው ወደ ሰውነት የሚገባው ግን ከትንኟ ምራቅ ጋር በመሆኑ፣ ምራቁን የሚሠሩት ዘረ መሎችም ሊጠኑ ይገባል።

ደም የምትመገበው ሴቷ ብቻ ናት፤ እንቁላሏን የምታጎለብተው በደም ነውና። ቆዳችን ሲበሳ ደም ሥሩ ይጠባል፣ ፕላትሌቶች የተባሉት የደም ቅንጣቶች ይሰባሰባሉ፣ ደሙም ይረጋል። የምራቅ ዕጢዋ ፕሮቲኖች ይህን ሁሉ ይመክታሉ፦ አፒሬዝ ፕላትሌቶችን የሚያሰባስበውን ኤዲፒ ይሰባብራል፤ የዲ7 ቤተሰብ ፕሮቲኖች ሂስታሚንንና ደም ሥር የሚያጠብበውን ሴሮቶኒንን ይዘው ያስቀራሉ፤ አኖፌሊን ደግሞ ደም የሚያረጋውን ትሮምቢን ያግዳል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሪቤሮ፣ ሮሲኞልና ስፒልማን ኤደስ የተባሉ የሌላ ወገን ትንኞችን የምራቅ ቱቦ ቆርጠው ሲፈትሹ፣ ትንኞቹ ደም ሥር ለማግኘት ረዘም ያለ ጊዜ ፈጀባቸው እንጂ ደም መምጠጥ አልተሳናቸውም። ታዲያ ምራቁ ምን ፋይዳ አለው? ፋይዳው ጊዜው ራሱ ነው። የሚነከሰው ሰው እጁን ያወናጭፋል፤ የዘገየች ትንኝ ትገደላለች ወይም ሳትጠግብ ወደ ሌላ ሰው ትበራለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናትም በወባ አስተላላፊዋ አኖፌለስ ጋምቢዬ ጂኤስጂ6 የተባለው ዘረ መል ሲዳከም ደም የመመገብ ችሎታዋ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይሁን እንጂ እነዚያው ሦስት ተመራማሪዎች በ1984 የወፍ ወባ ተሕዋሲን የተሸከሙ ትንኞች አፒሬዛቸው አንሶ ቆዳ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ሲፈልጉ አግኝተዋል። ስለዚህ ምራቁን ማዳከም ብቻውን ድል አይደለም፤ መንከሷ የተጓተተ ትንኝ ብዙ ሰው ልትነካ ትችላለችና፣ እያንዳንዱ ዘረ መል ለብቻው መመዘን አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ለጫግኒ የሚያስፈልገው አጎበርና መድኃኒት እንጂ የዘረ መል ጥናት አይደለም የሚል ነው። አጎበር መቅደሙ አያከራክርም። ዋናዋ አስተላላፊያችን አኖፌለስ አራቢየንሲስ ግን ከቤት ውጭም ትነክሳለች፣ ከብትም ትመገባለች፤ በብዙ አካባቢም ፀረ ነፍሳት ኬሚካሎችን ተላምዳለች። ስለዚህ ሰዎች በእርግጥ ምን ያህል እንደሚነከሱ ማወቅ ያሻል። ጂኤስጂ6 የሚገኘው በአኖፌለስ ትንኞች ብቻ በመሆኑ፣ ሰውነታችን በፕሮቲኑ ላይ የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል የንክሻውን መጠን ለመገመት ያገለግላል፤ ለዚህም ከጣት የሚወሰድ ጥቂት ደም ይበቃል። የአራቢየንሲስ ሙሉ ዘረ መል ካርታም እ.ኤ.አ. በ2015 ለተመራማሪዎች ቀርቧል። የአገራችን የምርምር ተቋማት ይህን የፀረ እንግዳ አካል መለኪያ ከመስከረም በፊትና በኋላ ቆላና ደጋ በሚገናኙበት አካባቢ ቢጠቀሙበት፣ አጎበሩ የት እንደሠራና ንክሻው የት እንደቀጠለ ሕሙማን ከመብዛታቸው በፊት ሊታወቅ ይችላል።